ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ የጠፋች ድመት

በአዲስ አበባ፣ በሰሚት፣ በጎሮ ወይም በቦሌ ቡልቡላ ድመት ስትጠፋ ጥርጣሬው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በቆርቆሮ በታጠረ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ቦታዎቹ የበዙት ያለ ምክንያት አይደለም። የከተማ መሬት የሚያዘው በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን በክፍያ በሚገኝ የመጠቀም መብት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግንባታ በውሉ በተቀመጠው ጊዜ እንዲጀመር ደንግጓል። ነገር ግን ገንዘብ ሲያጥር ወይም በይዞታው ላይ ክርክር ሲነሳ መሬቱ እንደታጠረ ይከርማል። የክረምቱ ዝናብ ሲያገኘው ደግሞ ሣሩ፣ ሳማውና ጉሎው ሰው ይውጣል።

ቆርቆሮው ሰውን እንጂ ድመትን አያግድም። ጎርፍ ከሥሩ በሸረሸረው ክፍተት ጭንቅላቷ ከገባ ሌላው አካሏ ይከተላል። ከዚያ በኋላ ምን ያህል ትርቃለች? በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት 1,210 የጠፉ ድመቶችን መረጃ ከባለቤቶቻቸው ሰብስቦ ነበር። ከተገኙት ውስጥ ሦስት አራተኛው የተገኙት ከጠፉበት በ500 ሜትር ክልል ነው። ከቤት ወጥተው ለማያውቁት ርቀቱ ወደ 137 ሜትር ይወርዳል። መላሾቹ በፈቃዳቸው የተሳተፉ ስለሆኑ ቁጥሩን እንዳለ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት አይቻልም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፤ ድመቷ ያለችው ቅርብ ነው።

ቅርብ ሆና ለምን አትገኝም? ድመት አዳኝ ብትሆንም ለትልልቅ አውሬዎች ታዳኝ ናት። የማታውቀው ቦታ ስትገባ መከላከያዋ ዝምታ ነው። ባለቤቷ «ውሮ፣ ውሮ» እያለ በሁለት ሜትር ርቀት ሲያልፍ ትሰማዋለች፤ አትመልስለትም። ፍርሃቷም መሠረት አለው። ማታ ማታ ውሾች በቡድን ይዞራሉ፤ ጅብም ወንዝ ተከትሎ ከተማ ውስጥ ይዘልቃል።

ስለዚህ መጥራት ብቻ አይበቃም፤ ማታ በባትሪ መፈለግም ያስፈልጋል። በዓይኗ የኋላ ክፍል ብርሃንን መልሶ የሚልክ ስስ ሽፋን አለ፤ በጨለማ የሚያበራው እሱ ነው። ብርሃኑ የሚመለሰው ወደ መጣበት አቅጣጫ በመሆኑ ባትሪው ከወገብ ሳይሆን ከጉንጭ አጠገብ ተይዞ፣ ወደ ሣሩ ሥር ዝቅ ተደርጎ መብራት አለበት። ቆሞ ቁልቁል የሚያበራ ሰው ቅጠሉን እንጂ ዓይኗን አያይም። የቦሌ ሜዳ ኮትቻም ይረዳል፤ ይህ ውሃ ሲጠግብ የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር ነው። በክፍተቱ አፍ ላይ አራት ጣት ያለው፣ ክብ፣ የጥፍር ምልክት የሌለበት ዱካ ከታየ የድመት ነው። ውሻ ጥፍሩን መሰብሰብ ስለማይችል ምልክቱ አብሮ ይታተማል።

ትልቁ እንቅፋት ግን የቦታው የተዘጋ በር ነው። በሌሊት ቆርቆሮ የሚዘል ሰው፣ ድመት ፈላጊ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል? ለመሠረት ተቆፍሮ ውሃ የሞላ ጉድጓድም በሣር ተሸፍኖ ሊጠብቀው ይችላል። ስለዚህ በቀን ሄዶ የቦታውን ዘበኛ «አባባ፣ ድመታችን ጠፍታብን ነው፤ እዚህ ገብታ ይሆን?» ብሎ ማነጋገር፣ ግቢውንም በብርሃን ማየት ይቀድማል። ሌሊቱን ነቅቶ የሚያድረው እሱ ነው፤ የራቱን ትራፊ ፍለጋ የምትመጣው ድመት ምን ዓይነት እንደሆነችም ያውቃል። ምሰሶ ላይ ከሚለጠፍ ወረቀት ይልቅ ለዘበኛው የተተወ ስልክ ቁጥር ይጠቅማል።

ድመቷ ስትገኝ በባዶ እጅ አትያዝ፤ ፎጣ ጣል አድርጎ ካርቶን ውስጥ ማስገባት ይሻላል። የፈራች ድመት የገዛ ባለቤቷንም ትነክሳለች። ከውሾች ጋር ተጣልታ ከነበረ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት አለ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ሕመም እስኪሰማው ሳይጠብቅም በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ።