በዱቤ ካርድ ስለሚከፈል የመኪና ኪራይና ስለ ምራቂው ዋጋ

በሐረር ገበያ ላደገ ሰው ምራቂ ምን እንደ ሆነ ማስተማር አያስፈልግም። በጊድር መጋላ በርበሬ በጣሳ ሰፍራ የምትሸጥ ሴት ጣሳውን ከገለበጠች በኋላ በእጅዋ ጨበጥ አድርጋ ትጨምራለች፤ ገዥውም ደስ ብሎት ይሄዳል። ነገር ግን ያች ጭብጥ በርበሬ ከሰማይ የወረደች አይደለችም፤ ሻጭዋ ዋጋውን በቈረጠች ጊዜ አስባ ያስቀመጠቻት ናት። ዛሬ ለክቡራን አንባብያን ለመግለጽ ያሰብሁት ነገር፥ ስሙና መልኩ የፈረንጅ ቢሆንም፥ ከዚህች ምራቂ የራቀ አይደለም።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። በጸሐፊነት የማገለግልበት የንግድ ቤት ባለቤት፥ ሁላችን ሐጂ እያልን የምንጠራቸው፥ በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ የሚኖር የእኅት ልጅ አላቸው። ልጁ ከአገሩ ከወጣ 11 ዓመት ሆኖታል፤ እናቱም በጀጎል ውስጥ በአሮጌው ቤታቸው ሆነው መምጫውን ይጠብቃሉ። ባለፈው ዓመት ለሐጂ ደውሎ፥ «አጎቴ፥ አሁን መላ አገኘሁ። የመኪናዬን ወርኃዊ ኪራይ በክሬዲት ካርድ እየከፈልሁ የአውሮፕላን ማይል አጠራቅማለሁ፤ ማይሉ ሲሞላ ትኬት ሳልገዛ እመጣለሁ» አላቸው። ሐጂም ስልኩን ካስቀመጡ በኋላ ወደ እኔ ዘወር ብለው፥ «ጸሐፊ፥ ሰው ዕዳውን ስለ ከፈለ ጉርሻ የሚሰጠው ከማን ኪስ ወጥቶ ነው? ይህ ነገር እውነት ከሆነ እኛስ ለፒካፕዋ ኪራይ ለምን አናደርገውም?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ሐጂ፥ ሒሳቡን ሳልሠራ አልመልስልዎትም» አልኋቸው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው የዚያ ሒሳብ ውጤት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ካርዱ እንናገር። የዱቤ ካርድ ማለት የራስን ተቀማጭ ገንዘብ የሚያወጣ ካርድ አይደለም። ባንኩ ለዕቃው ወይም ለአገልግሎቱ በደንበኛው ፈንታ ይከፍላል፤ ደንበኛውም በወሩ መጨረሻ የሒሳብ መግለጫ ደርሶት ለባንኩ ይተካል። በአሜሪካ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1950 ዳይነርስ ክለብ የተባለው ካርድ በኒውዮርክ ተጀመረ። በ1958 ደግሞ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ በምትገኘው በፍሬዝኖ ከተማ ወደ 60,000 የሚጠጋ ካርድ ሰው ሳይጠይቀው በፖስታ ልኮ አደለ፤ ዛሬ ቪዛ የምንለው ከዚያ የወጣ ነው። ማይል የሚባለው ጉርሻ የተስፋፋው አሜሪካን ኤርላይንስ የደንበኞች ማኅበሩን በ1981 ካቋቋመ ወዲህ ሲሆን፥ የእኛም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሼባማይልስ የተባለ የዚሁ ዓይነት ደንብ አለው።

አሁን ወደ ሐጂ ጥያቄ እንመለስ፤ ከማን ኪስ ነው? በአሜሪካ አንድ ባለሱቅ በዱቤ ካርድ 100 ዶላር ሲሸጥ 100 ዶላር አይደርሰውም። እንደ ካርዱና እንደ ውሉ ዓይነት ከ2 እስከ 3 ዶላር የሚሆን ተቀንሶ ወደ 97 ወይም ወደ 98 ዶላር ይገባለታል። የተቀነሰው ለሦስት ይከፈላል፤ ጥቂቱን የባለሱቁ ባንክ፥ ጥቂቱን የካርዱ ድርጅት፥ አብዛኛውን ግን ካርዱን የሰጠው ባንክ ይወስዳል። ይህ ባንክ ነው እንግዲህ ከድርሻው ላይ አንድ ወይም ሁለት ዶላር ቈርሶ «ነጥብ» ወይም «ማይል» ብሎ ለባለካርዱ የሚመልሰው። ባለሱቁም ይህን ወጪ በዕቃው ዋጋ ላይ ስለሚያክለው፥ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የሚገዛው ድኻ ማይል ለሚሰበስበው ሀብታም ትኬት ያዋጣል ማለት ነው።

ይህን ለመረዳት ምንጩ በደረቀበት ስፍራ የሆነውን ማየት ይበቃል። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ባንክ በ2003 ባንኮቹ ከባለሱቅ የሚወስዱትን ክፍያ በቀነሰ ጊዜ የካርዶቹ ነጥብም አብሮ አነሰ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2015 በዱቤ ካርድ ላይ የሚወሰደው በመቶ 0.3 እንዳይበልጥ ስለ ወሰነ፥ በዚያ ያለው ምራቂ ከአሜሪካው ጋራ የሚወዳደር አይደለም።

ቀጥሎ የመኪናው ኪራይ ነው። በአሜሪካ ሊዝ የሚሉት መኪናን ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ተከራይቶ በየወሩ እየከፈሉ ነድቶ በመጨረሻ መመለስ ነው። ተከራዩ የሚከፍለው መኪናው በዚያ ዘመን ውስጥ የሚያጣውን ዋጋና በላዩ ያለውን ወለድ ነው። ወለዱ በግልጽ በመቶኛ አይጻፍም፤ 0.0025 የመሰለች ትንሽ ቍጥር ትጻፋለች። ያችን ቍጥር በ2400 ያበዙ እንደ ሆነ የዓመቱ ወለድ ይወጣል፤ ይኸውም በዚህ ምሳሌ በመቶ 6 ነው። ዘመድ በውጭ አገር ያላችሁ ይህን ብትነግሩት አይከፋም፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው ይፈርማልና።

እነዚህ አከራይ ድርጅቶች አብዛኛዎቹ ወርኃዊውን ኪራይ በዱቤ ካርድ አይቀበሉም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከ400 ዶላር ኪራይ ላይ 10 ወይም 12 ዶላር ለባንክ ማስቈረጥ አይፈልጉም። ስለዚህ ከባንክ ሒሳብ እንዲተላለፍ ወይም በቼክ እንዲከፈል ያዛሉ። በዚህ መካከል ነው አስታራቂ ድርጅት የሚገባው። ይህ ድርጅት ከተከራዩ ካርድ ገንዘቡን ይወስድና ለአከራዩ ቼክ ይልካል፤ ለድካሙም በመቶ 3 የሚያህል ያስከፍላል። ባለሱቁ ይከፍለው የነበረው ኮሚሲዮን በዚህ ጊዜ ዞሮ በባለካርዱ ራስ ላይ ወደቀ ማለት ነው። የበርበሬዋ ሻጭ ጭብጥዋን ከመጨመርዋ በፊት የጭብጥዋን ዋጋ ለብቻው እንደ ጠየቀች ይቈጠራል።

የልጁን ሒሳብ በወረቀት ላይ ሳደርገው እንዲህ ሆነ። ኪራዩ በወር 400 ዶላር፥ የአስታራቂው ዋጋ 12 ዶላር፥ በካርዱ ላይ የሚጻፈው 412 ዶላር ነው። ካርዱ ለአንድ ዶላር አንድ ማይል ይሰጣል፤ አንዱን ማይል በአንድ ሳንቲም ብንገምተው የወሩ ምራቂ 4 ዶላር ከ12 ሳንቲም ይሆናል። እንግዲህ 12 ዶላር ከፍሎ 4 ዶላር ከ12 ሳንቲም ገዛ። በየወሩ 7 ዶላር ከ88 ሳንቲም ይጐድልበታል፤ በ36 ወር 283 ዶላር ከ68 ሳንቲም። በመቶ 2 የሚመልስ የተሻለ ካርድ ቢኖረው እንኳ በወር 3 ዶላር ከ76 ሳንቲም ከመክሰር አያመልጥም። በማይሉም በኩል ብናየው፥ በዓመት የሚያገኘው 4,944 ማይል ነው፤ ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት ደርሶ ለመመለስ የሚጠየቀው ደግሞ በብዙ ዐሥር ሺሕ የሚቈጠር ስለ ሆነ፥ በኪራዩ ብቻ የሚጠብቀው ትኬት የሚደርሰው መኪናውን ከመለሰ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ወሩ በሞላ ቍጥር ዕዳውን አሟልቶ ከከፈለ ነው። ካልከፈለ ግን ወለዱ ይመጣል። በአሜሪካ የዱቤ ካርድ ወለድ ከ2023 ወዲህ በአማካይ በዓመት ከመቶ 20 በላይ ነው። 412 ዶላር በመቶ 21 ለአንድ ወር ብቻ ቢያድር 7 ዶላር ከ21 ሳንቲም ይወልዳል፤ ይህ የወሩን ምራቂ በልቶ ይተርፋል። ልጁም፥ ጠይቄው ሳይደብቅ እንደ ነገረኝ፥ በ14 ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ አሳድሮበታል።

ሐጂ ይህን ባሰማኋቸው ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰባቸው የወለዱ ነገር ነበረ። «በጊዜው ለሚከፍልስ ወለድ አለበትን?» አሉኝ። በጊዜው አሟልቶ ለሚከፍል ወለድ አይታሰብም፤ ውሉ ውስጥ ግን የወለዱ ቃል ተጽፎ ይገኛል፤ ፈራሚውም ያን ተቀብሎ ይፈርማል። ይህ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን ለዑለማ ትቼዋለሁ። ያለ ወለድ በሚሠሩ ባንኮች ዘንድ ግን ኢጃራ የሚባል ደንብ አለ፤ ባንኩ መኪናውን ወይም መሣሪያውን ራሱ ገዝቶ በታወቀ ዋጋ ያከራያል። ከወለድ መራቅ የሚሻ ነጋዴ በዚህ በኩል ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ለእውነት ሲባል ግን ዘዴው የሚያዋጣበት አንድ ጊዜ አለ። አንዳንድ ባንኮች አዲስ ደንበኛ ለመሳብ «በሦስት ወር ውስጥ 3,000 ዶላር ከገዛህ 500 ዶላር የሚያወጣ ነጥብ እንሰጥሃለን» የመሰለ ውል ያቀርባሉ። ለዚህ የቤቱ ወጪ ያልበቃው ሰው የሦስት ወር ኪራዩን በካርድ ቢከፍል 36 ዶላር አውጥቶ ትልቁን ጉርሻ ሊያገኝ ይችላል። በአራተኛው ወር ወደ ባንክ ሒሳቡ መመለስ አለበት። የሚያስቸግረው በአራተኛው ወር መመለሱ ነው፤ የለመደ እጅ ይቀጥላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በእኛ ዘንድ በብዙ ሰው እጅ ያለው ካርድ የራስን ተቀማጭ የሚያወጣ እንጂ የዱቤ አይደለም። ለዱቤ ካርድ ቀረብ የሚለው በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋራ የተጀመረው ቴሌብር እንደኪሴ ነው፤ በክፍያ ጊዜ ሒሳብ ሲያንስ ጐደሎውን ይሞላል፤ ያለ አገልግሎት ዋጋ የሚሰጥ ግን አይደለም። የካፒታል ዕቃ ኪራይም በአዋጅ ቍጥር 103/1990 ተደንግጎ በአዋጅ ቍጥር 807/2005 ተሻሽሏል፤ እንደ ውሉ ዓይነት ንብረቱ በአከራዩ እጅ ይቈያል፥ ወይም በየክፍያው ጥቂት በጥቂት ወደ ተከራዩ ይዛወራል። ከመፈረም በፊት ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። በከተማችን ባለው ልማድ ግን ባጃጁም፥ የጥንቱ ፔጆ 404 ታክሲም፥ ሾፌሩ ለባለቤቱ የዕለቱን እያስገባ የሚሠራበት ስለ ሆነ ምራቂ የሚባል ነገር በመካከል የለም።

በጀጎል ውስጥ ስፌት፥ ቡናና ጌጣጌጥ ለጐብኚዎች የምትሸጡ ባለሱቆች ግን ነገሩ ይነካችኋል። ጐብኚው ካርዱን በባንኩ መሣሪያ ላይ ሲያሳርፍ ማይል የሚሰበስበው ከእናንተ ሽያጭ ላይ ነው። ባንኩ በውሉ በመቶ 3 የሚቈርጥ ቢሆን፥ በ3,000 ብር ከተሸጠ ስፌት ላይ 90 ብር ይሄዳል። መሣሪያውን አትቀበሉ ማለቴ አይደለም፤ ጥሬ ገንዘብ ያልያዘ እንግዳ ሳይገዛ ከመሄዱ 90 ብሩ ይሻላል። በመቶ ስንት እንደሚቈረጥና ገንዘቡ በስንት ቀን ወደ ሒሳባችሁ እንደሚገባ ግን ከውሉ ላይ አንብቡ፤ የመጨረሻውን ዋጋ ስትነግሩም ይህን አስቡበት። የእኛው ሱቅ ይህን ሳያስብ ብዙ ወራት ሠርቷል፤ ጥፋቱም የእኔ ነበረ፤ ውሉን ያስቀመጥሁት ሳላነበው ነውና።

የፒካፕዋ ኪራይ እንደ ቀድሞው ከባንክ ሒሳባችን ወደ አከራዩ ሒሳብ በየወሩ ይተላለፋል፤ ደረሰኙም በመዝገቡ ውስጥ አለ። ለልጁ ሒሳቡን ጽፌ ላክሁለት። በ14 ወር ለአስታራቂው 168 ዶላር ከፍሎ ያጠራቀመው 5,768 ማይል፥ ማለትም የ57 ዶላር ከ68 ሳንቲም ዋጋ ነበረ። ለሁለት ቀን ዝም አለ፤ በሦስተኛው ቀን፥ «ጋሼ ጸሐፊ፥ ለእናቴ እንዳትነግርብኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ ወዲህ ኪራዩን ከባንክ ሒሳቡ ይከፍላል፤ 12 ዶላሩንም ለብቻው ያስቀምጣል። የመኪናው ውል የሚያልቀው በመጪው መስከረም ነው። ሐጂም ከዋሽንግተን አዲስ አበባ፥ ከዚያም ድሬዳዋ ድረስ ያለውን የትኬት ዋጋ ከአየር መንገዱ ቢሮ እንድጠይቅ አዘውኛል፤ ጐደሎውን እርሳቸው ሊሞሉ ነው።