ለሊኑክስ የሚመች የጽሑፍ ማረሚያ

እንደ ሊኑክስ ባሉ ዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች ላይ የጽሑፍ ማረሚያ ሲመረጥ፣ አማርኛ ጸሐፊ ሁለት ነገር ይመዝናል፤ ፕሮግራሙ ለመልመድ ቀላል ነው ወይ? የግዕዝ ፊደልንስ በወጉ ያሳያል ወይ?

ለጀማሪ ከሁሉም የሚቀለው ናኖ ነው። በተርሚናል ተከፍቶ ወዲያው ያስጽፋል፤ ዋና ዋና ትእዛዞቹም ከግርጌ ተዘርዝረው ይታያሉ። ቢል ጆይ በ1976 እ.ኤ.አ. የጀመረው ቪ ግን ሲከፈት እያንዳንዱን ቁልፍ እንደ ትእዛዝ ይቆጥራል። ለመጻፍ አስቀድሞ የላቲኑን «i» መጫን ያስፈልጋል። ይህን ያልሰማ ሰው ገና በመግቢያው ይደናገራል። ሆኖም ቪ ወይም ተከታዩ ቪም በአብዛኞቹ ሰርቨሮች ላይ ስለሚገኝ፣ ቢያንስ አስቀምጦ መውጣትን መልመድ ይጠቅማል።

ለአማርኛ ኢማክስ ልዩ ባለውለታ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው 20ኛ እትሙ ድምፁን በላቲን ፊደል እየነኩ ግዕዙን የሚያወጡበት ስልት ይዞ ነበር። ትእዛዞቹ ግን ብዙ ናቸው፤ ትዕግሥት ይጠይቃሉ።

ትልቁ ችግር ያለው ራሱ ተርሚናሉ ላይ ነው። ለግዕዝ ፊደላት ሁሉ እኩል ስፋት ስለሚመድብ፣ እንደ «ጨ» እና «ጧ» ያሉ ሰፋፊ ፊደላት ሊቆረጡ ወይም በጎረቤታቸው ላይ ሊደረቡ ይችላሉ። ስለዚህ ረዘም ላለ የአማርኛ ጽሑፍ በመስኮት የሚከፈቱት ጄዲት ወይም ኬት፣ አቢሲኒካ ሲልን ከመሰለ ቅርጸ ፊደል ጋር፣ ይመረጣሉ። ናኖ ደግሞ ለአጫጭር የማስተካከያ ፋይሎች ይበቃል።