አንድ ስም፣ ሁለት በሽታ

«ነቀርሳ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል በባክቴሪያ አማካይነት ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈውን ቲቢ ማለታችን ነው፤ «ነቀርሳ» ብቻውን ሲነገር ግን የማይተላለፈውን ካንሰር ያመለክታል። የሚያደናግረው ስሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ! ቲቢ የአንገት ዕጢንም ሊይዝ ስለሚችል፣ ንፍፊት የወጣበት፣ ማታ ማታ የሚያተኩሰውና የሚያልበው፣ ሰውነቱም የከሳ ሰው ወደ ተላላፊ በሽታዎች ሐኪም ሲቀርብ፣ በአገራችን አስቀድሞ የሚጠረጠረው ይኸው በሽታ ነው። ይሁን እንጂ ቶማስ ሆጅኪን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1832 የገለጸው የዕጢ ካንሰርም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም ከእብጠቱ ናሙና አስወስዶ በማይክሮስኮፕ ያስመረምራል። የቲቢ መድኃኒት የሚወሰደው ለ6 ወር ያህል ነው፤ ሕመምተኛው ሳይመረመር ቢጀምረው፣ ካንሰሩ በእነዚያ ወራት ውስጥ ሊስፋፋ ይችላል።