ዶሮና ሰው በአንድ ቤት አይደሩ፤ ከቦታ ቦታ የሚዛወር የዶሮ ጎጆ አሠራር



ስለ ቤት ንጽሕና ለማስተማር ወደ መንደር በወጣን ጊዜ ሁሉ ከምንናገራቸው ነገሮች አንዱ «ዶሮዎቻችሁን ከመኝታ ቤት አውጡ» የሚለው ነው። ቃሉ ቀላል ነው፤ ተናግረንም እንሄዳለን። ነገር ግን በደምቢያ ወገን አንዲት እናት ምክራችንን ሰምተው ስድስት ዶሮዎቻቸውን ከቆጥ አወረዱና በጓሮ በኩል በጭራሮ አጥረው አሳደሯቸው። በሦስተኛው ሌሊት ሸለምጥማጥ ገብቶ አራቱን ፈጀ። አንዷን ይዞ ሄደ፤ ሦስቱን አንገታቸውን እየነከሰ እዚያው ጣላቸው። በክት ስለ ሆኑ ሥጋቸው እንኳ ለሰው አልሆነም።

በሚቀጥለው ሳምንት ስንመለስ እኒያ እናት፣ «ኧረ ልጆቼ! እናንተማ ተናግራችሁ ትሄዳላችሁ፤ ሸለምጥማጡ ግን እዚሁ ነው ያለ። የጨዉም የጋዙም የልጄም ደብተር ከነሱ እንቁላል ነበር» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም። ዶሮዋን ከቤት አውጡ ያለ ሰው፣ የምታድርበትን አብሮ ማሳየት ነበረበት። እኛ ግን አላሳየንም። ስለዚህ ከባለቤታቸው ጋራ ሆነን አንድ ጎጆ ሠራን፤ ከተሳሳትንበትም ከቀናንበትም ያገኘነውን ቀጥሎ እንጽፋለን።

በመጀመሪያ ግን፣ ይህን ያህል ድካም ለምን? ትሉን ይሆናል። አያቶቻችን ከዶሮ ጋር አድረው አርጅተዋል የሚሉንም አሉ። እውነት ነው፤ ያረጁት አርጅተዋል፤ በተቅማጥ የሞቱትን ሕፃናት ግን ማን ቆጠራቸው? በዶሮ ኩስ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተውሳኮች አሉ፤ ካምፒሎባክተርና ሳልሞኔላ የሚባሉት ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ዶሮዋ ራስዋ ደኅና ሆና፣ እየበላች እየጠጣች፣ ተውሳኩን ከኩስዋ ጋር ትጥላለች። ሌሊት ከቆጡ ሥር የወረደው ኩስ ጧት ይጠረጋል፤ ነገር ግን መሬቱ አፈር ነውና ሁሉ አይወጣም። በዚያ ላይ የሚድኸው ልጅ እጁን ወደ አፉ ይሰዳል፤ አንዳንዱም ኩሱን ራሱን አንሥቶ ይቀምሳል። ከዚያ ተቅማጥ ነው። ተቅማጡ በተመላለሰ ቍጥር አንጀቱ ይጎዳል፤ የበላውም ምግብ ለአካሉ አይሆነውም።

ደግሞ ዶሮ ማርባት ክፉ ነው ማለታችን እንዳይመስላችሁ። በ2008 ዓ.ም. ስለ ገጠር ኢትዮጵያ የታተመ አንድ ጥናት ዶሮ ባለበት ቤት የሚያድጉ ሕፃናት በቁመታቸው የተሻሉ ሆነው እንደተገኙ፣ ዶሮው ሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ቤት በሚያድርበት ግን ነገሩ ተገልብጦ የሕፃናቱ ቁመት አንሶ እንደታየ ይገልጻል። እንግዲህ ጠንቁ ዶሮዋ ሳትሆን ማደሪያዋ ነው። (እንቁላሉንም ሁሉ ለገበያ አትስጡ፤ ስድስት ወር ላለፈው ልጅ በደንብ የበሰለ እንቁላል ትልቅ ምግብ ነው።)

አሁን ወደ ጠላቶቻቸው እንምጣ። ቀን ጭልፊት ከሰማይ ወርዶ ጫጩት ይነጥቃል። ቀበሮና የዱር ድመት በማታና በማለዳ ይመጣሉ። የሌሊቱ ንጉሥ ግን ሸለምጥማጥ ነው። ሸለምጥማጥ ሰውነቱ ቀጭን፣ ጥፍሩ የሰላ፣ ዛፍና ግድግዳ መውጣት የሚችል አውሬ ነው፤ ራሱ ካለፈች ቀሪው አካሉ ተከትሎ ያልፋል። ስለዚህ ጎጆውን ከፍ አድርጎ መስቀል ብቻውን አያድንም። የሚያድነው ቀዳዳ አለመኖሩ ነው።

መርዝ ወይም የተባይ መድኃኒት በሥጋ ለውሶ ማስቀመጥ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ቀድሞ የሚያገኘው ውሻው ወይም ልጁ ነው። ሸለምጥማጥን በእጅ ለመያዝም አትሞክሩ። እሱም ሆነ ሌላ አውሬ ሰው ቢነክስ ቍስሉን ወዲያው በወራጅ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ በአውሬም ይተላለፋልና። ደግሞስ ሸለምጥማጥ ዓይጥም ይበላል፤ ዶሮውን ካጣ በዓይጡ ይኑር።

ጎጆው የሚሠራው እንደ ቃሬዛ ነው። በሁለት ሰው እጅ ተነሥቶ ከቦታ ቦታ እንዲሄድ ማለት ነው። 5 ክንድ የሚረዝሙ ሁለት ቀጫጭን የባሕር ዛፍ አጣናዎች ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው 2 ክንድ ትታችሁ አስተኙ። ከሁለቱም ጫፍ አንዳንድ ክንድ ለመያዣ ይቀራል፤ በመካከል ያለው 3 ክንድ የጎጆው ርዝመት ይሆናል። ይህ ለ10 የሀገር ዶሮዎች ይበቃል። ከሥሩ አንድ አንድ ክንድ የሆኑ አራት እግሮች ይመቱበታል። ቁመቱ ከወለሉ ወደ ላይ በፊት በኩል 2 ክንድ፣ በኋላ በኩል 1 ክንድ ተኩል ቢሆን ዝናቡ ወደ ኋላ ይወርዳል። ክንዱን የሚለካው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ በባልና በሚስት ክንድ ተለክቶ የተሠራ ጎጆ ጠማማ ሆኖ አይተናል።

ወለሉ ጭቃ ወይም ሣንቃ አይሁን። ጨፈቃ ወይም የተሰነጠቀ ሽመል በመካከሉ አንድ ጣት እየተተወ ይደርደር፤ ኩሱ በዚያ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ዶሮውም በኩሱ ላይ አይተኛም። የእንጨቱን ቅርፊት ላጡት። ቅንቅን ቀን ቀን የሚደበቀው በቅርፊት ሥርና በስንጥቅ ውስጥ ነው፤ ሌሊት ወጥቶ የዶሮውን ደም ይመጣል። ግድግዳውን በጭቃ ያልመረግነውም ስለዚሁ ነው፤ ደግሞም ጭቃ ከባድ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተመረገ ማንም አያነሣውም።

ግድግዳው በጨፈቃ ወይም በሽመል ተጠጋግቶ ይሠራ። መለኪያችሁ አውራ ጣታችሁ ነው፤ ከአውራ ጣት የሰፋ ክፍተት በየትም በኩል አይገኝ። የዶሮ ሽቦ ገዝቶ መምታት ለቻለ መልካም ነው፤ ጫፍ ጫፉ ግን በእንጨት ይያዝ፣ አለዚያ አውሬው በጥፍሩ ይገልጠዋል። ማሰሪያው ጠፍር አይሁን። ጠፍር ቆዳ ነውና ዓይጥ ይበላዋል፤ ሽታውም ቀበሮን ይጠራል። ቃጫ ገመድ ወይም ሽቦ ይሻላል፤ ሚስማር ካለ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

ጣራው ላይ ነው እኛ የተሳሳትነው። ግድግዳውን አጠንክረን ከላይ ሰንበሌጥ ብቻ ከደንበት። በሁለተኛው ሌሊት ውሻው አጥብቆ ሲጮኽ ባለቤትየው ችቦ ይዘው ቢወጡ ሸለምጥማጡ ከጣራው ወርዶ አጥር ዘሎ ሄደ። ጧት ስናይ ሰንበሌጡን በጥፍሩ እየከፈለ እጅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ከፍቶ ነበር። ያን ሌሊት ውሻው ባይኖር ኖሮ የቀሩትን ሁለቱንም ባጣን፤ እኒያንም እናት ዳግመኛ ዓይናቸውን ለማየት ባፈርን። ስለዚህ በመጀመሪያ ጣራውን እንደ ግድግዳው በጨፈቃ አጠላልፋችሁ እሰሩት፤ ሣሩ ከዚያ በላይ ይከደናል። ሣሩ ለዝናብ ነው እንጂ ለአውሬ አይደለም።

መዝጊያው ከሣንቃ ተሠርቶ በሁለት እንጨቶች መካከል ወደ ላይ እየተሳበ የሚከፈት ቢሆን ጥሩ ነው። ሲወርድ ከሥሩ ክፍተት አይኑረው፤ ቀዳዳ ተበጅቶለት የእንጨት መቀርቀሪያ ይግባበት። በገመድ ብቻ የታሰረ መዝጊያ በመጎተት ይላላል። በውስጥ ደግሞ እንደ መጥረቢያ እጀታ የወፈሩ ሁለት የቆጥ እንጨቶች ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ተደርገው ይታሰሩ። ለአንድ ዶሮ አንድ ስንዝር ቦታ ይበቃታል። ሁለቱም በእኩል ከፍታ ይሁኑ፤ አንዱ ከፍ ካለ ሁሉም በሱ ላይ ለመውጣት ሲጣሉ ያመሻሉ። ለዓይጥ መከላከያ በየእግሩ ላይ ባዶ የዘይት ጣሳ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ አጥልቁ፤ ዓይጥ በእግሩ ሲወጣ እዚያ ይቆማል።

ማሳደሪያው ከመኖሪያ ቤቱ 10 ወይም 15 እርምጃ ይራቅ፤ ድምፅ የሚሰማበት፣ ውሻውም የሚጠብቀው ይሁን። ከውኃ ጕድጓድና ከማዕድ ቤት በኩል አይሁን። በሁለት በሦስት ቀን አንድ ጊዜ፣ ጧት ዶሮዎቹ ከወጡ በኋላ፣ ሁለት ሰው ይዞ ጎጆውን በርዝመቱ ልክ ያዛውረው። ከሥሩ የቀረው ኩስ በአፈርና በአመድ ይሸፈን፤ ለጌሾውና ለጎመኑ መሬት ማዳበሪያ ይሆናል። ትኩሱን ግን በበቀለ ጎመን ላይ አትበትኑ፤ ከአፈር ጋር ተደባልቆ ከርሞ ነው የሚዘራበት። አንድ ቦታ የቆመ የዶሮ ቤት ኩሱ እየተከመረ ይሸታል፤ ዝንብም ያፈላል፤ ይህ ግን እየተራመደ ይሄዳል። ጉንዳን የመጣ እንደ ሆነም ጎጆውን አንሥቶ መሸሽ ነው። ጉንዳን የታቀፈችን ዶሮና ጫጩቶችዋን በአንድ ሌሊት ይጨርሳል፤ ይህን የገጠር ሰው ከኛ ይበልጥ ያውቀዋል። በክረምት ከእግሮቹ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉለት፤ ጭቃ ከያዘው አይነሣም።

ዶሮ 21 ቀን ታቅፋ የምትፈለፍል ስለ ሆነ፣ ለምትታቀፈው በጎጆው አንድ ጥግ በጨፈቃ የተከለለ ቦታ አብጁላት። ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ቀን ቀን ከነናታቸው በተደፋ ሰፊ ቅርጫት ሥር፣ ጥሬና ውኃ ተሰጥቷቸው ይዋሉ። ጭልፊት ሲያንዣብብ ድምፅ እንጂ እጅ አይደርስላቸውምና።

ጎጆውን የሚጠርግ፣ ኩሱንም የሚያነሣ ሰው እጁን በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለ በአመድ ይታጠብ። ከዚያ በፊት ልጅ አያቅፍ፣ ሊጥም አይንካ። የታመመች ዶሮ ካያችሁ ለብቻ አውጧት። ፈንግል በአንድ ሳምንት መንደር የሚጨርስ በሽታ ነው፤ ክትባት አለው፤ የእንስሳት ጤና ሠራተኛውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ምንም ያህል ጎጆ ቢጠነክር ፈንግል በበሩ ይገባል።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። ጎጆው አልቆ የመጀመሪያው ምሽት ሲመጣ ዶሮዎቹ አይገቡበትም። እየሮጡ ወደ ለመዱት ቆጥ፣ ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ እናንተም «ተዉዋቸው፣ ዛሬን ብቻ» ትላላችሁ፤ ዛሬን ብቻ ያለም ዓመቱን ሙሉ ያሳድራቸዋል። ስለዚህ በቤት ውስጥ ያለውን ቆጥ አስቀድማችሁ አፍርሱት። ከመሸ በኋላ፣ ዶሮ በጨለማ አታይምና በቀላሉ ትያዛለች፣ አንድ በአንድ አንሥታችሁ በአዲሱ ቆጥ ላይ አስቀምጧቸው። ሦስት ቀን ያህል ጥሬና ውኃ እየሰጣችሁ እዚያው ውስጥ ዘግታችሁ አውሏቸው። በአራተኛው ቀን ልቀቋቸው፤ ማታ ራሳቸው ይመለሳሉ። ከልጆች ለአንዱ ፀሐይ ስትጠልቅ ቆጥሮ የመዝጋቱን ሥራ ስጡት። የእኒያ እናት ልጅ በደብተሩ ጀርባ ማታ ማታ ቍጥሩን ይጽፋል። ሁለት ብሎ ነበር የጀመረው፤ ባለፈው ስንሄድ አሥራ አንድ ደርሶ አየን፤ ጎጆው ጠቧቸው ሁለተኛ ለመሥራት አጣና ተቆርጦ ነበር።