ጥለት ያለ ነጠላ

ሰሞኑን ጆሃንስበርግ፣ አሌክሳንድራ ውስጥ ሱቅ ካለው የአክስቴ ልጅ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በውጭ ዜጎች ላይ የተነሣው ጥቃት የጀመረው በዚህችው ሰፈር መሆኑን አንዘነጋም። እዚያ ለሚኖር ሱቀኛ የጎረቤት ፍቅር ቀላል ነገር አይደለም።

የእሱ ልጅ «ዱም» ለተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ አዲስ ሜዳ ሠርቷል፤ መንገዱም ሱቁም የራሳቸው ሰፈር ነው። የጎረቤት ልጅ «ለእኔም ስጠኝ» አለው። ዋናውን ጨዋታ ግን አልገዛም። አባትየው ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ የተማርኸው፣ ይህ ጉርብትና ነው ወይስ ሌብነት?» አለኝ።

እንዲህ ዓይነቱን ጭማሪ ተጫዋቾች «ሞድ» ይሉታል፤ የአዲስ አበባ ልጆች «ሞድ መያዝ» ከሚሉት ጋር አይገናኝም። በእኔ እምነት ነገሩን የሚገልጸው ጥለት ነው። ነጠላው የባለቤቱ ሲሆን፣ ጥለቱ ደግሞ የልጁ ድካም ነው። ጥለት ብቻውን አይለበስም። ኢድ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ1993 ዱምን ሲያወጣ የመጀመሪያውን ክፍል በነጻ አደለ፤ ነጻው ቅጂ ግን የሌላ ሰው ሜዳ ሲጫንበት እምቢ ብሎ «መጀመሪያ ግዛ» ይላል። ስለዚህ ጥለቱን መስጠት ነጠላውን መስረቅ አይደለም። ሌብነት የሚሆነው የጨዋታውን ፋይሎች አብሮ ጠቅልሎ መስጠት ነው።

መሸጥም ሌላ ጉዳይ ነው። ተጫዋቾች ለ«ዱክ ኑከም» የሠሯቸውን 300 ሜዳዎች ሰብስቦ በሲዲ የሸጠ አንድ ኩባንያ ተከሶ ነበር። በሜዳዎቹ ፋይሎች ውስጥ ከጨዋታው የተወሰደ ሥዕል አልነበረም፤ ሆኖም የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ለጨዋታው ባለመብት ፈረደ። ሜዳዎቹ የጨዋታው ታሪክ ተከታይ ናቸው፤ ባለመብቱም የፈቀደው በነጻ መለዋወጥን ብቻ ነው የሚል ነበር ምክንያቱ።

ታዲያ ነጠላ የሌለው ልጅ ምን ይሁን? ኢድ ሶፍትዌር የዱምን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1997 ለሕዝብ ለቀቀ፤ ሥዕሉንና ድምፁን ግን አልለቀቀም። በጎ ፈቃደኞች ያንን የጎደለውን በራሳቸው እጅ ሠርተው «ፍሪዱም» ብለው በነጻ አቀረቡ። ለዱም የተሠሩ ሜዳዎች በአብዛኛው በእሱም ላይ ይሠራሉ።

እኛ ዲያስፖራዎች የአገራችንን ድምፃውያን ካሴትና ሲዲ እየገለበጥን ስንቀባበል «ለወገን ነው» እንል እንደነበር አስታውሳለሁ። የራስን መስጠትና የሌላውን ማደል ግን አንድ አይደሉም።

ልጁ ከሜዳው ውስጥ ከዱም የተገለበጠ ሥዕል አለመኖሩን አይቶ፣ ከፍሪዱም ጋር በፍላሽ ሰጠው። በሳምንቱ የጎረቤቱ ልጅ ፍላሹን መለሰ፤ መንገዱ ላይ የእናቱን ቤት ጨምሮበታል።

ቸር ይግጠመን።