ስለ ብቸኛ ቁጥር

ቁጥር ሁሉ በእኩል የሚካፈል አይደለም። 12 የባቄላ ፍሬ ያለው ልጅ በ2 ረድፍ ስድስት ስድስት፥ ወይም በ3 ረድፍ አራት አራት አድርጎ ሊደረድረው ይችላል። 13 ፍሬ ያለው ግን ምንም ቢደክም በአንድ መስመር ካልሆነ በቀር በእኩል አይደረደርለትም፤ ወይ ይተርፈዋል ወይ ይጐድለዋል። እንደ 13 ያለ፥ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ይባላል። 2፥ 3፥ 5፥ 7ና 11ም እንዲሁ ናቸው።

የብቸኛ ቁጥሮች ብዛት መጨረሻ የለውም፤ ይህንም የግሪኩ ሊቅ ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ አስረድቶአል። ነገር ግን ቁጥሩ እየበዛ ሲሄድ ብቸኛ መሆኑን መለየት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ትልልቆቹን ለመፈለግ አንድ መንገድ አለ፤ እርሱም 1ን ደጋግሞ እጥፍ ማድረግና በመጨረሻ 1 መቀነስ ነው። 1 አምስት ጊዜ እጥፍ ቢደረግ 32 ይሆናል፤ 1 ሲቀነስለት 31 ይቀራል፤ 31ም ብቸኛ ነው። አራት ጊዜ ብቻ እጥፍ ቢደረግ ግን 15 ይቀራል፤ 15ም ለ3ና ለ5 ይካፈላልና ብቸኛ አይደለም።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1644 ዓ.ም. መርሴን የሚባል የፓሪስ መነኵሴ፥ እስከ 257 ጊዜ እጥፍ በማድረግ ከሚገኙት ውስጥ ብቸኞቹ የትኞቹ እንደ ሆኑ ጽፎ አስታወቀ። የ67ኛውን እጥፍ ብቸኛ ነው አለ፤ የ61ኛውን ግን ከብቸኞቹ አልቈጠረውም። መርሴን የተከበረ ሊቅ ነበርና ቃሉ ብዙ ዘመን ሲጠቀስ ኖረ።

ከ61ኛው እጥፍ የሚገኘው ቁጥር 2,305,843,009,213,693,951 ነው። አካፋይ እንዳለው ለማወቅ ከ2 ጀምሮ አንድም ሳይዘለል ቢሞከር እስከ 1,518,500,249 መድረስ ያስፈልጋል። ለአንዱ ሙከራ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢበቃ፥ ሌሊትና ቀን ያለ ዕረፍት ለሚሠራ ሰው 2,800 ዓመት አይበቃውም። ስለዚህ ፈረንሳዊው ሊቅ ሉካስ በ1876 ዓ.ም. አካፋዩን ሳይፈልጉ የሚመረምሩበትን ደንብ አወጣ፤ በዚያውም ዓመት የ67ኛው እጥፍ ብቸኛ አለመሆኑን አስረዳ። በ1883 ዓ.ም. ፔርቩሺን የተባለ የሩሲያ ባላገር ቄስ የ61ኛው እጥፍ በእውነት ብቸኛ እንደ ሆነ አረጋገጠ። በ1903 ዓ.ም. ደግሞ ኮል የተባለ አሜሪካዊ መምህር የ67ኛውን አካፋዮች ገለጠ፤ 193,707,721 በ761,838,257,287 ሲባዛ ያንኑ ቁጥር ይሰጣልና።

መርሴን ስለ ተሳሳተ አልተናቀም፤ በዚህ መንገድ የሚገኙት ቁጥሮች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። በ2024 ዓ.ም. በኮምፒዩተር የተገኘው፥ 41,024,320 አኃዝ ያለው ብቸኛ ቁጥርም ከነዚሁ ወገን ነው።

እንግዲህ የታላቅ ሰው ቃል ሊከበር ይገባዋል፤ እውነት መሆኑ ግን በምርመራ ይታወቃል። ብልህ ተማሪ መምህሩን ያከብራል፤ ሒሳቡንም ደግሞ ይቈጥራል።