ከማጥበቅ በፊት

ሱፐርቻርጀር ያለው መኪና የሚነዳ ደንበኛ ብዙ ጊዜ ምርመራውን ራሱ ጨርሶ ነው የሚመጣው። «ጋሼ፣ ቺንጋው ይንሸራተታል፤ ጠበቅ አድርግልኝ» ይለኛል። መንሸራተቱን አብዛኛውን ጊዜ አይስትም። ማጥበቁ ግን ሞተር ያስጎዳል።

እዚህ ቨርጂኒያ በምሠራበት ጋራዥ ይህ ችግር የሚበዛው ፎርድ መስታንግ ላይ ነው። የ2003 እና የ2004 (እ.ኤ.አ.) የኮብራ ሞዴል ከፋብሪካ ሲወጣ ኤም112 የተባለ የኢተን ሱፐርቻርጀር፣ 8 ፒኤስአይ ያህል የአየር ግፊትና 390 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ጣጣው የሚጀምረው ባለቤቱ የሱፐርቻርጀሩን ፑሊ አስወልቆ ትንሽ ሲያስገጥም ነው። ለምሳሌ ፑሊው ከ80 ሚሊ ሜትር ወደ 72 ቢወርድ፣ ሞተሩ በዚያው ዙር ላይ እያለ ሱፐርቻርጀሩ 11 በመቶ ያህል ፈጥኖ ይሽከረከራል። ብዙ አየር ይገፋል፤ ለዚያም ከቺንጋው ብዙ ጉልበት ይወስዳል። ቺንጋው የሚይዘው ፑሊ ግን አንሷል። ሸክሙ ሲከብድ መያዣው ጠበበ ማለት ነው።

መንሸራተቱ ሁልጊዜ አይጮህም፤ ቢጮህም የሞተሩ ድምፅ ይውጠዋል። ስለዚህ ከጆሮዬ ይልቅ የግፊት መለኪያውን አምናለሁ። እንደ ኮብራው ያለ ሩትስ ሱፐርቻርጀር ነዳጁ እስከ መጨረሻ ተረግጦ ሳለ ግፊቱን ይዞ መዝለቅ አለበት። እስከ 4,500 ዙር 12 ፒኤስአይ ይዞ፣ ወደ 6,000 ሲጠጋ 9 ላይ ከወረደ አንድ ነገር አለ። ኮፈኑን ከፍቼ በፑሊው ዙሪያ ጥቁር የጎማ ብናኝ፣ በቺንጋው የውስጥ ገጽ ላይ የተወለወለ ማብለጭለጭ እፈልጋለሁ። ሞተሩ እንደቆመ በሙቀት መለኪያ ፑሊዎቹን አነጻጽራለሁ፤ ቺንጋ የሚንሸራተትበት ፑሊ ከሌሎቹ ይግላል። ከነዚህ አንዱም ካልታየ ወደ አየር ቱቦዎቹና ወደ ባይፓስ ቫልቩ ዞር እላለሁ። እነሱም ሲያፈሱ ግፊት ይወርዳል፤ መለኪያው ብቻውን አይለያቸውም።

ቺንጋ ፑሊን እንዴት እንደሚይዝ፣ ኮርማ አስሮ የሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም። ገመዱን በግንድ ላይ አንድ ጊዜ ከጠመጠመ ኮርማውን ብቻውን ያቆመዋል፤ ካልጠመጠመ ተጎትቶ ይሄዳል። ሊዮናርድ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ በሒሳብ አስቀምጦታል። ቺንጋው ፑሊውን ያቀፈበት ማዕዘን እጥፍ ሲሆን አቅሙ በእጥፍ ብቻ አያድግም። ቀድሞ የተወጠረው ወገን ሳይንሸራተት የላላውን ወገን 3 እጥፍ መሳብ ይችል ከነበረ፣ አሁን 9 እጥፍ መሳብ ይችላል። ማጥበቅ የሚሰጠው ግን በተጨመረው ልክ ብቻ ነው፤ ዋጋውም ከኩሽኔታ ላይ ይቆረጣል። ከልክ ያለፈ ውጥረት የሱፐርቻርጀሩን፣ የውሃ ፓምፑንና የዲናሞውን ኩሽኔታ ወደ ጎን እየሳበ ይበላል። የሱፐርቻርጀር ኩሽኔታ ሲሄድ ከቺንጋ ጋር የማይወዳደር ወጪ ይከተላል።

ስለዚህ ፑሊ ከተቀነሰ እኔ ከውጥረቱ በፊት የማየው ዕቅፉን ነው። ቺንጋውን የሚመራውን ነጻ ፑሊ፣ ማለትም አይድለሩን፣ ወደ ሱፐርቻርጀሩ ፑሊ ማስጠጋት፣ ወይም ተለቅ ያለ አይድለር መግጠም፣ ቺንጋው ፑሊውን ዞር ብሎ እንዲያቅፈው ያደርጋል። ቦታ ከተገኘ ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አላውቅም። ከባለ 6 ቦይ ወደ ባለ 8 ወይም ባለ 10 መሄድም ይረዳል፤ ግን ፑሊዎቹም አብረው ይቀየራሉ።

ከዚያ ሁሉ በፊት ገንዘብ የማይጠይቀው ነገር አለ። ቀጥ ያለ ብረት ፑሊዎቹ ላይ አጋድሜ በአንድ መስመር መቆማቸውን አያለሁ። ዘይት ወይም የራዲያተር ውሃ የሚያፈስ ነገር ካለ መጀመሪያ እሱ ይደፈናል፤ የራሰ ቺንጋ በምንም ውጥረት አይይዝም። ሞተሩ ሲሠራ የመወጠሪያው ክንድ ከመጠን በላይ የሚወዛወዝ ከሆነ ስፕሪንጉ ደክሟል። ቺንጋው ራሱም ያታልላል። የድሮው ኒዮፕሪን ሲያረጅ ይሰነጠቅ ነበር፤ የዛሬው ኢፒዲኤም ጎማ ግን ሳይሰነጠቅ እንደ ደህና ነገር ውስጥ ውስጡን ያልቃል። ቦዮቹ በመለኪያ ካልታዩ በዓይን ብቻ «ገና ነው» ማለት አይቻልም። ቺንጋ ላይ የሚረጨውን ማጣበቂያ ፈሳሽ እኔ ጋራዥ ውስጥ አላስገባም፤ ለጥቂት ጊዜ ጩኸቱን ዝም ያሰኝና አቧራ ሰብስቦ ቺንጋውን ያበላሻል።

ባለ ጥርስ ቺንጋ ለምን አታደርግልንም የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። በቶፕ ፊውል ውድድር ሱፐርቻርጀሩን የሚያዞረው እውነትም ባለ ጥርስ ነው። የማይንሸራተት ቺንጋ ግን ድንገተኛ ምቱን ሁሉ ለክራንክሻፍቱ ጫፍና ለሱፐርቻርጀሩ ያስረክባል። የውድድር ሞተር ቶሎ ቶሎ ተፈትቶ ይታያል፤ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ መኪና አይፈታም። ለመንገድ መኪና አልመክረውም።

ፑሊ ያስቀየራችሁ ሁሉ፣ የአዲሱን ፑሊ መጠንና የቺንጋውን ቁጥር ጽፋችሁ መኪናው ውስጥ አኑሩ፤ የሚሠራላችሁ መካኒክ ከግምት ይድናል። ያው ቺንጋ ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑንም የሚያዞር ከሆነ ደግሞ፣ የባትሪው መብራት በርቶ የሙቀት መለኪያው መውጣት ሲጀምር ቤት ልድረስ አትበሉ፤ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ።